ጭምብሉ ለማን ነው?

ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ሹማምንቱን የተቹት በእንስሳት እየመሰሉ ነው። እንዲያም ሆኖ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን (1909–1922 ዓ.ም.) ታገደ። ክፍል ውስጥ ስንማረው ሳንሱርን ብቻ ነበር ያየሁበት፤ እገዳ ሲባል መቼም ደማችን ይፈላል።

ለልምምድ በጻፍኳት አጭር ተውኔት ግን የግቢያችንን ዘበኛ አነጋገር፣ መንተባተባቸውን ሳይቀር፣ እንዳለ ገልብጬ አስገባሁ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው በሩ ሥር ቆመው ያዩ ነበር። ማንም አላገደኝም። ተክለሐዋርያት በጭምብል የነኩት ባለሥልጣኑን ነው፤ እኔ ያለ ጭምብል የነካሁት መልስ መስጫ መድረክ የሌላቸውን ሰውዬ።

ለሁለተኛው ትርኢት ዘበኛውን አውጥቼ አንድ አለቃ አስገባሁ። ሳቁ ቀነሰ። ፊተኛውን ዝም ብለው ያሳለፉት መምህር ግን «ይሄንን ማን ፈቀደልህ?» አሉኝ።