ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫን ለዘፈንና ለስልክ ስለ መመርመር

በሱቅ ውስጥ ዘፈን እየተሰማበት የተሸጠ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ፤ ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው በዘፈኑ አይደለም፤ «ስናገር ሰው አይሰማኝም» እያለ ነው። ባለሱቁም ዕቃውን ተቀብሎ ዘፈን ይከፍትበትና ደኅና ሆኖ ያገኘዋል፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አንድ ማዳመጫ ለዘፈን መልካም ሆኖ ለስልክ የማይረባ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚያስመጡና የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዴት ሊመረምሩት እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ብሉቱዝ የሚባለው የገመድ አልባ መገናኛ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ኤሪክሰን በተባለው የስዊድን ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ ማኅበር አቋቁመው የጋራ ደንብ አወጡለት። ማዳመጫው ዘፈን በሚያሰማበት ጊዜ ድምፁ ከስልኩ ወደ ጆሮ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ መንገዱ ለዘፈኑ ይለቀቃል፤ ግራና ቀኙም ለየብቻው ይደርሳል። ስልክ ሲደወል ግን የአንዱ ድምፅ መሄድ፣ የሌላውም መምጣት ስላለበት መሣሪያው ወደ ሌላ አሠራር ይዛወራል። በዚህ ጊዜ የግራና የቀኝ ልዩነት ይቀርና አንድ ዓይነት ድምፅ በሁለቱም ጆሮ ይሰማል። በቀድሞው አሠራር ድምፁ በሰከንድ የሚለካው 8,000 ጊዜ ብቻ ነው፤ በኋላ የተጨመረው ሰፊው አሠራር 16,000 ጊዜ ይለካል። የሲዲ ዘፈን 44,100 ጊዜ እንደሚለካ ስናስብ ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባናል። በጠባቡ አሠራር ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ ስለማያልፍ «ሰ» እና «ፈ» እንኳ ይምታታሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተገለጸው አዲሱ ደንብ ይህን ችግር ያቃልላል፤ ነገር ግን ስልኩም ማዳመጫውም ደንቡን የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የማይክሮፎኑ ቦታ ነው። ጆሮ ውስጥ የምትገባው ትንሽ ማዳመጫ ማይክሮፎኗ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ስለሚርቅ የተናጋሪውን ድምፅና የመንገዱን ጩኸት አብራ ትቀበላለች። ከዚያም በውስጧ ያለው ቺፕ የሰውን ድምፅ ከጩኸቱ ለመለየት ይታገላል። ዋጋው ውድ በሆነውና በርካሹ መካከል ያለው ልዩነት ከዘፈኑ ይልቅ በዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል ለማለት እደፍራለሁ።

እንግዲህ የስልኩ ምርመራ ሁለት ሰው ይጠይቃል። አንዱ ማዳመጫውን አድርጎ ይናገራል፤ ሁለተኛው በሌላ ቦታ ሆኖ በስልክ ይሰማል፤ ፍርዱንም የሚሰጠው ሰሚው እንጂ ተናጋሪው አይደለም። ተናጋሪው ሰሚው አስቀድሞ ያላየውን ዝርዝር ያንብብ፤ ለምሳሌ የደረሰኝ ቁጥር፣ ዋጋ፣ የሰዎች ስም። ሰሚው የሰማውን ይጻፍ፤ በኋላም ሁለቱ ወረቀቶች ይተያዩ። ቃል እየሰማ መጻፍ የለመደ ጸሐፊ ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ ዳኛ ነው። ንባቡ በመጀመሪያ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ቀጥሎ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር፣ በመጨረሻም ነፋስ ባለበት ሰገነት ላይ ይደረግ። በእያንዳንዱ ቦታ ሌላ ተመሳሳይ ዝርዝር ያለ ማዳመጫ፣ በስልኩ ብቻ መነበብ አለበት፤ አለዚያ የኔትወርኩ ጥፋት በማዳመጫው ላይ ይላከክበታል። የግራውና የቀኙም ማይክሮፎን ለየብቻው ይፈተን። የድምፅ መልእክት ቀድቶ መስማት ግን አይበቃም፤ ስልኩ በራሱ ማይክሮፎን ሊቀዳ ስለሚችል ምርመራው ከንቱ ይሆናል።

በሣጥኑ ላይ ከሚጻፉት ቃላት ነጋዴንም ገዢንም እጅግ የሚያሳስቱት ሁለት ናቸው። «ኤኤንሲ» የሚለው ማዳመጫውን ላደረገው ሰው የውጪውን ጫጫታ የሚቀንስ ነው፤ እሱም እንደ ጄኔሬተርና እንደ አውሮፕላን ያለውን ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ በደንብ ያዳክማል፤ የገበያን ሁካታ ግን ያን ያህል አይከለክልም። «ኢኤንሲ» የሚለው ደግሞ በስልክ ለሚሰማው ለሌላው ሰው ጫጫታውን ለመቀነስ የታሰበ ነው። ስለ ስልኩ የሚጠይቅ ደንበኛ ሁለተኛውን ይፈልጋልና «ኤኤንሲ አለው» ብሎ መመለስ ጥያቄውን መመለስ አይደለም።

ወደ ዘፈኑ እንምጣ። ሁለት ማዳመጫዎች ሲወዳደሩ የድምፃቸው መጠን እኩል መደረግ አለበት፤ ጆሮ ጎላ ብሎ የተሰማውን ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ይቀበላልና። የሚሰማውም መርማሪው አጥርቶ የሚያውቀው ዜማ ይሁን። በእኔ አስተያየት በገና መልካም መፈተኛ ነው። ዐሥሩ አውታር ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ በእንዝራው ምክንያት ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ ይነዝራል። ወፍራሙን ድምፅ ያለ ልክ የሚያሳብጥ ማዳመጫ ይህን ንዝረት ይውጠዋል፤ ቀጭኑን ብቻ የሚያወጣ ደግሞ በገናውን ክራር ያስመስለዋል። «ኤልዳክ» እና «አፕትኤክስ» የሚሉት የድምፅ ማሸጊያ ስሞች ዋጋ የሚኖራቸው ስልኩም ሲያውቃቸው ብቻ ነው። አይፎን ኤልዳክን ስለማይቀበል ለአይፎን ባለቤት ስለ ኤልዳክ ተጨማሪ ዋጋ ማስከፈል አግባብ አይደለም።

ስለ ባትሪ የሚጻፈው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የመያዣ ሣጥኗን ባትሪ ጨምሮ የተቆጠረ ነው፤ ስለዚህ ማዳመጫው ብቻውን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በሰዓት ቆጥሮ ማረጋገጥ ይሻላል፤ በዘፈንም በስልክም። ሣጥኑ ሲከፈት በአይፎን መስታወት ላይ ብቅ የምትለዋም ሥዕል የዕቃውን እውነተኛነት አታረጋግጥም፤ አስመስለው የሚሠሩት ይህንንም ያስመስላሉ።

አስመጪ የሆነ ሰው ከዚህ ሁሉ በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ናሙናውና የሚመጣው ጭነት አንድ ስለ መሆናቸው ነው። በርካሽ ዕቃ ላይ ቅርፊቱና የሞዴሉ ቁጥር ሳይለወጥ በውስጡ ያለው ቺፕ ሊለወጥ ይችላል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚከፍል ባንክ የሚመረምረው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም፤ ሰነዱ የተሟላ ከሆነ ማዳመጫው ቢንኮሻኮሽም ይከፍላል። ስለዚህ የቺፑ ስም፣ የብሉቱዙ ደረጃ፣ የማይክሮፎኑ ብዛትና የባትሪው መጠን በፕሮፎርማው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ከተፈተኑት ናሙናዎች አንዱ በሁለቱም ወገን ፊርማ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት የሚመረምረውም ሰው ከጭነቱ በዕጣ አውጥቶ ከታሸገው ጋር ያስተያየው፤ የምርመራው ወረቀት ለክፍያ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ይደረግ። በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ ባትሪው የሊቲየም ስለ ሆነ የ38.3 የፈተና ማጠቃለያ ከሻጩ መጠየቅ አለበት። የዕቃውንም ዓይነት ስለ ማጽደቅ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ትእዛዝ ከመላክ በፊት እንጂ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ አይበጅም።

ባለሱቁ ደግሞ ከየዓይነቱ አንዱን ለማሳያ ከፍቶ ያኑር፤ የጎማ ጫፎቹንም ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ ይለውጥ ወይም ያጽዳ። ዘፈን ካሰማ በኋላ ደንበኛው በገዛ ስልኩ፣ ከሱቁ በር ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆሞ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ወዳጁ እንዲደውል ይጠይቀው፤ ያ የተደወለለት ሰው «በደንብ ይሰማል» ካለ በኋላ ሂሳቡን ይቀበል።