ትንኟ በርሜላችን ውስጥ ናት

ዴንጊም እንደ ወባ በትንኝ ይተላለፋል፤ መንስኤው ግን ቫይረስ ነው። እዚህ ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ብዙ ሰው አሞ ነበር። አስተላላፊዋ ኤደስ የምትባል ትንኝ ናት፤ በቀን ስለምትነክስ የማታ አጎበር ብቻ አይበቃም። ትኩሳት የያዘው ሰው አስፕሪን አይውሰድ፣ ደም ሊያስፈስስ ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ኤደስ የምትራባው ቤት ባጠራቀምነው ንጹህ ውሃ ነው። የእኛን በርሜል በባትሪ ሳየው እጮች ይወራጩ ነበር! እማዬን «እንድፋው» ስላት «ውሃ ስንት ቀን ጠብቀን ነው የምናገኘው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ውሃውን በጨርቅ አጥልለን ለልብስ ማጠቢያ ጨረስነውና ባዶውን በርሜል በብሩሽ ፈተግነው። እንቁላሉ በርሜሉ ላይ ተጣብቆ ደርቆም ወራት ስለሚቆይ መድፋት ብቻውን አይበቃም። ከእንቁላል ትንኝ እስክትሆን ሳምንት ገደማ ነው የሚፈጅባት፤ በየሳምንቱ ይፈተግ፣ ይከደን።

የጎረቤታችን በርሜል ግን እስካሁን ክፍት ነው፤ ቅዳሜ ብሩሹን ይዤ እሄዳለሁ።