የጥላ ዛፍ በከተማ፦ ከተከላው በኋላ ያለው ሥራ

ለከተማና ለከተማ ዳር አርሶ አደሮች፣ ለችግኝ አፍዪዎች፣ በግቢያቸውና በመንገድ ዳር ዛፍ ለሚያሳድጉ ሁሉ

የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የክረምት ችግኝ ተከላ በከተሞቻችን የየዓመቱ ልማድ ሆኗል። ለችግኙ ከባዱ ወቅት ግን ክረምቱ አይደለም፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው በጋ ነው። ስለዚህ የምንመክራችሁ መጀመሪያ በጋውን አስቡ፣ ከዚያ ቁፋሮውን ጀምሩ ብለን ነው። ሦስት በጋ ውኃ ማጠጣት የማትችሉትን ችግኝ አትትከሉ። አሥር ተክሎ ሁለት ከማትረፍ ሦስት ተክሎ ሦስቱንም ማሳደግ ይሻላል።

የዛፉን ዓይነት የሚወስነው ቦታው ነው። እንደ አዲስ አበባ ላለ ከፍታ ዝግባና ወይራ ይስማማሉ፤ ዝግባ ሲያድግ ዝግተኛ ቢሆንም ዕድሜው ረጅም ነው። ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ዓይነቱ አየር ከሁሉ በፊት የምንመርጠው ዋንዛን ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፣ አናቱ ሰፊ ነው፣ ነጭ አበባውን ንብ ትወደዋለች። እንደ ድሬዳዋ ላለ ቆላ ኒም ሙቀቱን ይችላል። ዋርካ ከሁሉም የሰፋ ጥላ አለው፤ ነገር ግን ሥሩ ግድግዳና የውኃ ቧንቧ ስለሚያስቸግር ቦታው ሰፊ አደባባይ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ነው እንጂ የጠባብ ግቢ ጥግ አይደለም። ግራቪሊያ ቶሎ ቢያድግም ቅርንጫፉን ነፋስ ይሰብረዋልና ከጣሪያ አጠገብ አይተከል። ከመብራት ሽቦ በታች ደግሞ ረጅም የሚሆን ዛፍ ፈጽሞ አትትከሉ፤ ዛሬ በተከላችሁት ዛፍ ላይ ነገ መጥረቢያ ይመጣበታል።

ቤት ለማቀዝቀዝ ከሆነ የምትተክሉት፣ የቤቱን ምዕራባዊ ጎን ምረጡ። በአገራችን የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ናትና የምታርፈው ጣሪያ ላይ ነው፤ ግድግዳና መስኮት የምታግለው ከሰዓት በኋላ ዘቅዝቃ የምትመጣው ፀሐይ ነች።

ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። እዚህ ላይ የአፈሩ ጠባይ ብዙ ይወስናል። በዋልካ መሬት የተቆፈረ ጉድጓድ በሌላ ለስላሳ አፈር ከተሞላ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይይዛል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። በዋልካ ላይ የወጣውን አፈር ራሱን መልሱና ችግኙን ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ አቁሙት። በደረቅና አሸዋማ መሬት ግን በተቃራኒው ዙሪያውን ውኃ የሚያቁር ክፈፍ ሥሩለት። ችግኙ ያለበትን የፕላስቲክ ከረጢት ሙሉ በሙሉ አውጡ። በውስጡ የተጠማዘዘ ሥር ካለ በስለት ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ ከዓመታት በኋላ ግንዱን ሊያንቀው ይችላል። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከአፈር በታች አይቀበር።

በበጋ ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ ቀስ ብሎ የሚሰርግ ውኃ ስጡ። በየቀኑ አንድ ኩባያ ማፍሰስ ሥሩ ላይ ላዩን እንዲቀር ያደርገዋል፤ በሳምንት አንዴ በደንብ ማጠጣት ግን ወደ ታች ይስበዋል። ከታች በሚስማር የተበሳ አሮጌ ጀሪካን አጠገቡ ብታስቀምጡ ሥራውን ያቀልላችኋል። በረኪና የገባበት የልብስ እጣቢ ግን አይፍሰስበት። ዙሪያውን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ፤ ከነካ ምስጥና መበስበስን ይጋብዛል። የፍየል መከላከያ አጥርም ከተከላው ቀን ጀምሮ ይኑር፤ በማግስቱ መሥራት ዘግይቶ ነው።

ያደገን ዛፍ በብዛት የሚጎዳው ሰዎች የማያዩት የመሬት ውስጥ ጉዳት ነው። ምግብና ውኃ የሚስበው አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲሆን ከአናቱ ጥላም ውጭ ይዘረጋል። ስለዚህ ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ ሲነጠፍ በግንዱ ዙሪያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ባዶ ይተው። የቧንቧ ወይም የኬብል ቦይ ሲቆፈር የግንዱን ውፍረት ለኩና በ12 አባዙት፤ ከዚያ ርቀት ወዲህ አይቆፈር። ግንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ርቀቱ 6 ሜትር ነው። ከግንዱ ጋር የተከመረ የግንባታ አፈርና አሸዋም ሥሩን ያፍናል፤ ለአንድ ክረምት ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ስለ መግረዝ አጥብቀን የምንናገረው አንድ ነገር አለ፤ የዛፍ አናት አይቆረጥም። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ከቁስሉ ዙሪያ ብዙ ደካማ ቀንበጥ ያወጣል፤ እነዚያም ከብደው ሲያድጉ በነፋስ ይገነጠላሉ። ልጅ ዛፍ አንድ ዋና ግንድ ይኑረው፤ የታች ቅርንጫፎች ግንዱን ያወፍራሉና በአንዴ ሳይሆን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት አንሱ። ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ከታች ትንሽ ይሰንጠቅ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጥ፤ የቀረው ጉቶ መጨረሻ ላይ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት ካለው እብጠት ወዲያ ይነሳ። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይላጣል። ቁስሉን ቀለም አትቀቡት፣ ሲሚንቶም አትሙሉበት፤ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል።

ለከተማ የሚሸጥ ችግኝ የምታፈሉ አርሶ አደሮች፣ የጫካ ተከላ ችግኝ ለመንገድ ዳር አይበቃም። ሰፋ ባለ ከረጢት አሳድጋችሁ ቢያንስ 1.5 ሜትር አድርሱት፤ ከከረጢቱ ወደ መሬት የሚገባውን ሥር በየጊዜው ቁረጡ። ከሽያጩ አንድ ወር አስቀድማችሁ ከችግኙ በላይ ያለውን የዳስ ጥላ አንሱ፣ ውኃውንም ቀስ በቀስ ቀንሱ።