ስለ ቀብራችን አስቀድሞ ማሰብ

በሕይወት ሳሉ ስለ ራስ ቀብር መናገር በሕዝባችን ዘንድ እንደ ሟርት ይቈጠራል። የዝምታውን ዕዳ የሚከፍሉት ግን ኀዘንተኞች ናቸው፤ «ሰው ምን ይለናል» በማለት ከዐቅማቸው በላይ የሆነ ሣጥን ይገዛሉ፤ ቈይተውም ተበድረው የሲሚንቶ ሐውልት ያቆማሉ።

ከደብረ ሲና አንሥቶ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ይፋት ቆላ ድረስ የቀደሙት አባቶቻችን ሥርዓት ቀላል ነበር። አስከሬኑ በነጭ መግነዝ ተገንዞ በሰሌን ይጠቀለልና በቃሬዛ ይወሰዳል። ቃሬዛው ለሌላው ይመለሳል፤ ጨርቁና ሰሌኑ ከሥጋው ጋር ዐፈር ይሆናሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዛሬም ሟቻቸውን በከፈን ብቻ ጠቅልለው ለምድር ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝ አገር በካርላይል ከተማ የተከፈተው የደን መካነ መቃብር እንደ አዲስ ነገር የጀመረው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ተቃጥሎ የሚገኝ ነው፤ ከእሳቱም ከድንጋዩም የሚወጣው አየር ምድርን ያሞቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በዙሪያው ያለው ኮረብታ በተራቈተበት ስፍራ የአገር በቀል ዛፍ መጠጊያ ሆኖ የቀረው ብዙ ጊዜ ይህ ቅጥር ነው፤ በሲሚንቶ የተደፈነ መሬትም ዛፍ አያበቅልም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው ምድርን እንድንጠብቅ አስተምረዋል። በ2024 ለርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ይደረግ የነበረውን የሦስት ሣጥን ልማድ አስቀርተው፣ በ2025 በአንድ የእንጨት ሣጥን፣ ከስማቸው በቀር ጽሑፍ በሌለበት መቃብር ዐርፈዋል። ሣጥኑ ውስጡ በዚንክ የተለበጠ ነበርና በሁሉ ምሳሌ ይሁነን አንልም፤ ትሕትናው ግን ይበቃናል።

እንግዲህ ፈቃዳችንን በጽሑፍ አስፍረን ለቤተሰባችን፣ ለቁምስናችን ካህንና ለእድራችን ዳኛ ብንሰጥ መልካም ነው። ፍትሐቱና ጸሎቱ አይጓደል፤ መግነዙ ጥጥ ይሁን፤ ሰሌን ወይም ቀለም ያልተቀባ ሣጥን ይብቃ፤ የፕላስቲክ አበባ ይቅር። መቃብሩ ከምንጭ ይራቅ፤ የዚህ ተራራ ውኃ ወደ አዋሽ ሲወርድ ብዙ መንደር ያጠጣልና። በሐውልት ፈንታ የእንጨት መስቀል ይተከል፤ በአጠገቡም በደጋ ጽድ ወይም ወይራ፣ በቆላ ዋንዛ። ባሕር ዛፍ ውኃ ስለሚሻማ ለዚህ አይመረጥም። ችግኙ በክረምት መግቢያ ይተከል፤ ፍየል እንዳይበላውም የሚያጥርለትን ሰው በዚያው ጽሑፍ በስሙ መጥቀስ ይገባል።