የላይተር ድንጋይ ድንጋይ ነውን?

ተመርቀን ወደ ጋሞ ደጋም ሆነ ቆላ ስንመደብ፣ ት/ቤቱ ላቦራቶሪ ባይኖረውስ ኬሚስትሪን በምን እናሳያለን? ዛሬ ከየሱቁ የሚገዛውን ላይተር ይዘን አንድ ትምህርት እንሞክር።

ላይተር ሲጫር ብልጭ የምትለዋን ነገር ሁላችንም «ድንጋይ» እንላታለን። እሷ ግን ሴሪየም የሚባለው ንጥረ ነገር ከመሰሎቹና ከብረት ጋር ተዋሕዶ የተሠራች ቅይጥ ናት።

ለመሆኑ ሴሪየም ምንድን ነው? የአቶም ቁጥሩ 58 ሲሆን፣ ብርማ መልክ ያለውና በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረታ ብረት ነው። በ1803 (እ.አ.አ.) በስዊድንና በጀርመን ኬሚስቶች ተገኘ። «ብርቅዬ» ከሚባሉት ብረታ ብረቶች ወገን ነው። ስሙ ግን አያታለን፤ በመሬት ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባል። ብርቅ ያሰኘው ተበታትኖ መገኘቱና ከመሰሎቹ ለመለየት ማስቸገሩ ነው።

ዋና ጠባዩ ሲደቅ በቀላሉ መንደዱ ነው። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ በ1903 ብረት ጨምሮበት አጠነከረውና የዛሬዋ የላይተር «ድንጋይ» ተገኘች።

አሁን ከእውነተኛው ድንጋይ ጋር እናነጻጽራት። በጋሞ ደጋ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች ባልጩት ያውቃሉ። ባልጩት ከብረት ጋር ሲጋጭ ብረቱን ይፍቀዋል፤ የሚነደው የብረቱ ብናኝ ነው። በላይተር ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ጥርሳሟ የብረት ጎማ «ድንጋይዋን» ትፍቃለች፣ የሚነደውም የ«ድንጋይዋ» ብናኝ ነው። ማስረጃ ካስፈለገ ተማሪውን «ቶሎ የምታልቀው የትኛዋ ናት?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

በሰሌዳ ላይ እንዲህ እንጽፋለን፦

ሴሪየም + ኦክሲጅን → ሴሪየም ኦክሳይድ

ይህ ኦክሳይድም በከንቱ የሚቀር አይደለም፤ ዱቄቱ መስተዋትና ሌንስ ለመወልወል ያገለግላል።

ማሳሰቢያ፦ ሙከራውን የሚያሳየው መምህሩ ብቻ ይሁን። ላይተሩ ጋዙ ፈጽሞ ያለቀበት፣ ቦታውም ከሣርና ከወረቀት የራቀ ይሁን። የሚነድ ሴሪየም በውሃ አይጠፋም፤ ውሃው ሃይድሮጅን እያወጣ እሳቱን ያብሰዋል። የሚያዳፍነው ደረቅ አሸዋ ነው።

እንግዲህ ባልደረቦቻችን፣ ተማሪ መምህሩን ያምናል። «ድንጋይ ነው» ብለነው ብናልፍ ድንጋይ ብሎ ለልጁ ያወርሳል። ስለዚህ ስሙን ከማስሸምደዳችን በፊት ነገሩን ራሳችን ጭረን እንየው።