808 ወይስ 9? ለሥራ የሚሆን ኦቨርድራይቭ ስለ መምረጥ

ኮልፌ ቀራኒዮ ጊታር ተጫዋች አያጣም። ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከዓለም ባንክ ማታ ማታ ጊታር በጀርባው አዝሎ ወደ ክለብ የሚወርድ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ሰርግ የሚጫወትም አለ። ከእነዚህ ልጆች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ስለ አንዲት አረንጓዴ ፔዳል ነው፤ ስለ አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር። የፔዳሏን ሁለት ሞዴሎች አንስተው «808 ይሻላል ወይስ 9?» ይላሉ። አጭሩ መልስ፣ 9 ይበቃችኋል የሚል ነው። ከ808 ዋጋ የሚተርፋችሁን ገንዘብ ደግሞ የምታውሉበት የተሻለ ቦታ አለ፤ ጽሑፉ በአብዛኛው ስለዚያ ነው።

ሁለቱም ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው። ፔዳሉን ለአይባኔዝ የሠራው ማክሰን በሚል ስም የምናውቀው የጃፓን ኩባንያ ኒሺን ኦንፓ ሲሆን፣ ንድፉ የሱሱሙ ታሙራ ነው። 808 እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ወጣ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ 9 ተካው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ አዲስ ሆነው የሚሸጡት ሁለቱም ዳግም የተመረቱ ናቸው፤ 808 የተመለሰው በ2004 ነው። ለ808 ዝና ትልቁ ምክንያት አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮን ነው። ይሁንና እሱ ራሱ 808ንም 9ንም፣ በኋላም 10ን ተጫውቶባቸዋል፤ የትኛውም እግሩ ሥር ቢሆን የሚሰማው እሱ ነበር። የድሮው 808 ዛሬ የሚጠራበት ዋጋ ከአዲሱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ለሰብሳቢዎች እንተወውና ስለ አዲሶቹ እንነጋገር።

ከውስጥ ሲታዩ ጊታሩ የሚገባበት፣ ድምፁ የሚሰነጠቅበትና ቶኑ የሚስተካከልበት ክፍል በሁለቱም አንድ ነው። አንድ አይሲ ውስጥ ሁለት ማጉያ አለ፤ በመጀመሪያው ዙሪያ ፊትና ጀርባ ተደርገው የታሰሩ ዳዮዶች የሞገዱን ጫፍ ከላይም ከታችም እኩል ይከረክሙታል። ልዩነቱ መውጫው ላይ ነው። 808 እዚያ 100 ኦም እና 10 ኪሎ ኦም አለው፤ 9 ደግሞ 470 ኦም እና 100 ኪሎ ኦም። በቃ፣ ሁለት ሬዚስተር። በድሮዎቹ 9ዎች ላይ አይሲውም ይለያይ ነበር፤ ዛሬ በሁለቱም ላይ የምታገኙት የታወቀው ጄአርሲ 4558 ነው።

808 ለስለስ ይላል፣ 9 ደግሞ ትንሽ ብሩህና ጠርዝ ያለው ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ውሸት ነው ማለት አልችልም፤ ግን የጊታር አምፕ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ኦም ገደማ ነው። ከዚያ ፊት የ100 እና የ470 ኦም ልዩነት ከቁጥር አይገባም። የድራይቭ ፖቱ ራሱ ከተጻፈበት ዋጋ እስከ 20 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት 9ዎች እርስ በርሳቸው ከ808 የሚለዩትን ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። ዩቲዩብ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ክርክር አይታችሁ ከሆነ፣ ከሚሰማችሁ ልዩነት አብዛኛው የመጣው ከቪዲዮው ማይክ አቀማመጥና ከተጫዋቹ እጅ ነው።

ልባችሁ አሁንም ካላረፈ የታችኛውን ክዳን ፈትታችሁ እዩ። መውጫው አካባቢ 9 ላይ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ቀለበት ያለው 470 ነው፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ያለው 100 ኪሎ ነው። 808 ላይ በቦታቸው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ (100) እና ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ (10 ኪሎ) ታገኛላችሁ። ሌላም ቦታ 10 ኪሎ ስላለ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትንቀሉ፤ የሰርኪዩቱን ሥዕል ይዛችሁ ከመውጫው ጃክ ወደ ኋላ ተከተሉ። መርካቶ ያለ ሬዲዮና አምፕ የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ ሁለቱን ቀይሮ 9ን 808 ሊያደርግላችሁ ይችላል፤ የሬዚስተሮቹ ዋጋ ከታክሲ ሒሳብ አይበልጥም። ካስቀየራችሁት በኋላ የሚሰማችሁ ለውጥ ትንሽ ከሆነ እንዳትቀየሙኝ።

ለሠራተኛ ሙዚቀኛ ከሬዚስተሩ የሚበልጥ ልዩነት ማብሪያው ነው። 808 ትንሽ አራት ማዕዘን ቁልፍ ነው ያለው፤ የ9 መርገጫ የፔዳሉን የታችኛውን ክፍል ይሸፍነዋል። መድረኩ ጨለማ ነው፣ ጭስ ተለቆበታል፣ ዘፋኙ ፊታችሁ እስክስታ እየወረደ ነው፣ ሶሎው ሊገባ አንድ ባር ቀርቶታል፤ በዚያች ሰዓት ትልቁ መርገጫ ያዋጣል። የእኔ ምርጫ 9 የሆነበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው፤ ከድምፁ ጋር አይገናኝም።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የመሞከር ዕድል ካገኛችሁ በሥርዓት ሞክሩ። አንድ ጊታር፣ አንድ ገመድ፣ አንድ አምፕ። ከሁሉ በፊት ሌቭላቸውን እኩል አድርጉ፤ በጥቂቱም ቢሆን የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ሻጭም ይህን ያውቃል። ስልክ ላይ ያለ የድምፅ መለኪያ ይበቃል። ከዚያ ጀርባችሁን ስጡና ጓደኛችሁ ሳይነግራችሁ ይቀያይር። ደጋግማችሁ መለየት ካቃታችሁ መልሱ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እነዚህ ፔዳሎች የታሰቡት ፊታቸው የጊታር አምፕ አለ ተብሎ ነው፤ ቮን ይጫወትባቸው የነበሩት በጣም የጮኹ የቲዩብ አምፖች ነበሩ። እኛ ዘንድ ግን በብዙ ቤተ ክርስቲያንና በብዙ ሰርግ ጊታሩ ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ አያወጣም፤ የሳውንድ ሲስተም ስፒከር ግን እስከ ጆሮ ዳር ድረስ ያወጣዋል። ኦቨርድራይቭ ሲሰነጥቅ የሚፈጥረው ሹል ድምፅ ሁሉ ያኔ ያልፋል፤ ጣሳ ውስጥ እንደተዘጋ ንብ ይሆናል። «ፔዳሉ ጥሩ አይደለም» ተብሎ የሚሸጥ ስንት ቲዩብ ስክሪመር በዚህ ጥፋት ተወቅሷል! 808 ቢሆን ኖሮም ያው ነበር።

መፍትሔው ከፔዳሉ በኋላ የስፒከርን ጠባይ የሚያስመስል ዕቃ ማስገባት ነው። ካቢኔት ሲሙሌተር የሚባል ፔዳል ለብቻው አለ፤ እንደ ዙም ያሉ ርካሽ መልቲ ኤፌክቶችም ውስጣቸው አላቸው፣ ሌላውን ኤፌክት አጥፍታችሁ እሱን ብቻ መጠቀም ትችላላችሁ። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩም በሄድፎን ለመለማመድ ይኸው ይሆናችኋል፤ ጎረቤት አይነቃም። ሁለቱም ከሌላችሁ ቶኑን ከግማሽ በታች አውርዱና ሳውንድ ማኑን ከላይ ያለውን ከ5,000 ኸርዝ ጀምሮ እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁት። ከፕሮግራሙ በፊት፣ በአክብሮት። ፕሮግራሙ መሃል በእጅ ምልክት የጠየቀ አጉል ነገር ነው የሚያገኘው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ፔዳሉን ወደ ማይክ መግቢያ በቀጥታ ገመድ ከማስገባታችሁ በፊት 48 ቮልቱ፣ ፋንተም የሚሉት፣ መጥፋቱን ጠይቁ። ለማይክ ተብሎ የተለቀቀ ቮልት ወደ ፔዳሉ መውጫ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ዲአይ ቦክስ ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ ረጅሙ መንገድ ላይ ከጄኔሬተሩና ከመብራቱ የሚመጣውን እምምታም ይቀንስላችኋል።

ሁለቱም ፔዳሎች ጠፍተው እንኳ ድምፁ በውስጣቸው ባለ ማጉያ ያልፋል። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። ከመድረኩ ጥግ እስከ ሚክሰሩ አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ገመድ ለሚዘረጋ ሰው ግን ጥቅም ነው፤ ረጅም ገመድ የሚበላውን ብሩህነት ያድንለታል።

ስለ አጨዋወቱ ደግሞ ከውጭ ቪዲዮ የማታገኙት ነገር አለ። ቲዩብ ስክሪመር በሙሉ ኃይሉ የሚሰነጥቀው ከ720 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ነው፤ ይህ የቀጭኑ ክር 14ኛ ፍሬት አካባቢ ማለት ነው። ወፍራሞቹ ክሮች በመጠኑ ይተርፋሉ። ለዚህ ነው ከባስ ጋር የማይጋፋው፤ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ሲበዙም ሶሎው ጎልቶ የሚወጣው። ችግሩ ይህ የመሃል ድምፅ የዘፋኙም ሰፈር መሆኑ ነው። ለአጃቢነት አጥፉት፣ ለሶሎ አብሩት። ድራይቩን ሩብ አካባቢ፣ ሌቭሉን ከግማሽ በላይ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ አዲስ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው።

ቅኝቱም ይወስናል። ትዝታ ሜጀር ላይ ሁለት ክር አብራችሁ ብትመቱ ድራይቩ ብዙም አያበላሸውም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡ ኖታዎች አሏቸው፤ አንቺ ሆዬ ላይ ከዶ ቀጥሎ ሬ ቤሞል፣ ከፋ ቀጥሎ ሶል ቤሞል ይመጣል። የመጀመሪያው ሳይከስም ሁለተኛውን ከደረባችሁበት ፔዳሉ ሁለቱን ደባልቆ ሦስተኛ ያልጠራችሁትን ድምፅ ይወልዳል። እያንዳንዱን ኖታ በግራ እጃችሁ አፍናችሁ አንድ በአንድ ተጫወቱ፤ ወይም ድራይቩን ቀንሱ። ከባድ ጊታር ከእኛ ቅኝት ጋር እንዴት እንደሚኖር መስማት ለሚፈልግ የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ይህ አልበም ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ነበር።

መብራት። ሁለቱም የሚፈልጉት 9 ቮልት ዲሲ፣ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ነው። የያማሃ ኪቦርድ አዳፕተር በየቤቱ አለ፤ እሱ 12 ቮልት ነው፣ መሃሉም ፖዘቲቭ። ጫፉ ስለገባ ብቻ አትሰኩት። ከአሜሪካ የሚመጣ አዳፕተር ደግሞ ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 240» ካላለ የእኛን 220 አይችልም፤ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። ለሚያመጣላችሁ ሰው ይህንን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩለት፤ «አዳፕተርም ጨምር» ማለት ብቻውን አይበቃም። ፔዳሎቹ የሚበሉት ኃይል ጥቂት ስለሆነ አንድ ጥሩ አልካላይን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ብዙ ምሽት ያሠራል። ጄኔሬተር ላይ በሚሠራ ሰርግ እኔ ባትሪን እመርጣለሁ፤ ጸጥ ያለ ነው። ስትጨርሱ የጊታሩን ገመድ ከመግቢያው መንቀል ግድ ነው፤ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ሌሊቱን ሲያልቅ ያድራል።

ዋጋን በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። በዶላር ግን አዲሱ 808 ከአዲሱ 9 ሁልጊዜ በግልጽ ይወደዳል፤ ያ ልዩነት ብቻውን የጥሩ አዳፕተርና የሁለት ጠንካራ ገመድ ዋጋ ይሸፍናል። ያገለገለ ፔዳል ስትገዙ ፖቶቹን አዙሩ፤ አቧራችን አይምሬ ስለሆነ ይንኮሻኮሻሉ፣ እሱ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል። ጃኩን ወዝወዝ ስታደርጉት ድምፁ ከተቆራረጠ ግን ዋጋ አስቀንሱ። አስመስለው የተሠሩም በገበያው ስላሉ ክዳኑን ሳያስከፍት «ኦሪጅናል ነው» ከሚል ሻጭ ጋር አትከራከሩ፣ ትታችሁ ሂዱ።

ከዚህ የወረደ በጀት ላላችሁ የቦስ ኤስዲ 1 አለ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በገበያ ያለ ነው፤ ሞገዱን ከላይና ከታች እኩል ባለመከርከሙ ጠባዩ ትንሽ ይለያል፣ ሥራው ግን አንድ ነው። ጥንካሬውን በተመለከተ ስጋት የለኝም። የቤሪንገር ቲኦ 800 በጣም ርካሽ የ808 ቅጂ ነው፤ ድምፁን አልነቅፍም፣ ሣጥኑ ግን ፕላስቲክ ነው። ለቤት ልምምድ እንጂ በየሳምንቱ ለሚጫን ቦርሳ አልመክረውም።

እንግዲህ 808ን ማን ይግዛ? የራሱ ቲዩብ አምፕ ያለው፣ ስቱዲዮ ተቀምጦ የሚቀዳ፣ ገንዘቡም የማይጎዳው ሰው ይግዛው፤ ቆንጆ ዕቃ ነው። በሚክሰር የሚጫወት፣ በሚኒባስ የሚመላለስ፣ በምሽት ክፍያ የሚኖር ጊታሪስት 9 ይግዛ። ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነና አምፕ ከሌለው ደግሞ ሁለቱንም ይተውና በመጀመሪያ የስፒከር ሲሙሌተር ያለው መልቲ ኤፌክት ይግዛ። አረንጓዴዋ ፔዳል ትደርሳለች።