ቀዳዳ መድፈንና ሥር መንቀል

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ብንሆንም የኮምፒዩተር ደኅንነት ጉዳይ ከእኛ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም የቃል ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። ባሽ የተባለውን የትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም እንመልከት። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች የሚገኘው ይህ መሣሪያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጉድለት ይዞ ቈይቶ፣ በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ወጣ።

ጉድለቱስ ምን ነበር? ባሽ ሥራ ሲጀምር ስም ያላቸው መልእክቶች ከሌላ ፕሮግራም ይረከባል። ከእነዚህ አንዱ የሥራ መመሪያ መስሎ ከመጣ፣ መመሪያውን መዝግቦ ማቆም ሲገባው፣ ከኋላው የተቀጠለውንም ቃል ወዲያው እንደ ትእዛዝ ይፈጽም ነበር። አንዳንድ የድረ ገጽ አገልጋዮችም የእንግዳን ቃል በዚሁ መንገድ ስለሚያቀብሉ፣ የማይታወቅ ሰው ከሩቅ ሆኖ በሰው ኮምፒዩተር ላይ አዛዥ ለመሆን ቻለ።

የመጀመሪያው ጥገና የተቀጠለውን ቃል ብቻ ከለከለ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ሌሎች ቀዳዳዎች ተገኙ። ነገሩ የረጋው መመሪያ የሚያመጡ መልእክቶች ልዩ የስም ምልክት እንዲይዙ በተደረገ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የእንግዳ ቃል ምንም ቢመስል እንደ መመሪያ አይነበብም።

እንግዲህ ስሕተት ስናርም «ምን ገባ?» ብለን ብቻ አንቁም፤ «በማን ፈቃድ ገባ?» ብለንም እንጠይቅ። የተሠራውም ጥገና በየኮምፒዩተሩ ካልተጫነ በሩ ክፍት መሆኑን አንዘንጋ።